የሥራ አስኪያጁ አማት ቀብር

ባለፈው እሁድ ዱከም ፋብሪካ የሚሠራው ልጄ አዳማ መጥቶ ምሳ ስንበላ፣ ሠራተኛ ሊቀነስ ነው የሚል ወሬ ከገባ ወዲህ ሰዉ ሁሉ ለአለቃው ማጎብደድ መጀመሩን እየሳቀ አወራኝ። «አንዱማ የአለቃውን መኪና በገዛ መሐረቡ ሲወለውል አየሁት» አለኝ። እሱ ይስቃል፤ እኔ ግን የድሮ ነገር ትዝ አለኝ።

በሃያ አራት ዓመቴ፣ ከተማዋን ሁላችንም ናዝሬት በምንልበት ዘመን፣ በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ስምሪት ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራችን የትኛው መኪና የት እንደደረሰ በሬዲዮ መከታተልና መኪና ለተበላሸበት ሾፌር መካኒክ መላክ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁለት ነን፤ እኔና ጫልቱ የምትባል የመልካሳ ልጅ። ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ምሳ ዕቃዋን ከፍታ እኔን ሳታጎርስ አትበላም ነበር።

በዚያ ዓመት በጋ ላይ ቅነሳ አለ ተባለ። ከስምሪት ክፍል አንድ ሰው ብቻ ይቀራል፣ ሌላው ተንሳፋፊ ይሆናል። ተንሳፋፊ ማለት ወንበሩን ተነጥቆ የሚሰናበትበትን ቀን የሚጠብቅ ሠራተኛ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሰዉ ጠባይ ተለወጠ። ሥራ አስኪያጁን ሲያማ የከረመው ሁሉ ቦርሳውን ለመቀበል ደረጃ ላይ ይጋፋ ጀመር። ለሆዱ ያደረ ሰው እፍረት የለውም።

በዚህ መሀል የሥራ አስኪያጁ አማት መቂ ላይ አረፉ። በእኛ አገር ለቅሶ የቀረ ሰው አይረሳም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። አውቶቡሱ እስከ በሩ ሞላ። ቆቃን እስክናልፍ ድረስ፣ በመስኮት በሚገባው አቧራና ወበቅ ውስጥ፣ ሰዉ እየቀለደ፣ ዓሣ የት ቤት እንደሚጣፍጥ እየተከራከረ ሄደ። የመቂ የሽንኩርት ማሳ ሲሸተን ግን ሁሉም ፊቱን አከበደ። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ የፐርሶኔሉ ደምሴ፣ ሴትዮዋን በዓይኑ አይቷቸው የማያውቅ ሰው፣ «እናቴ፣ እናቴ» እያለ ደረቱን እየደቃ ገባ። አንዲት ጸሐፊ እንባ እምቢ ቢላት ምራቋን ስትቀባ አየኋት። ከሁሉ የሚያስጠላኝ ግን እኔም መጮኼ ነው፤ ያውም ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ሲዞር ድምፄን ከፍ እያደረግሁ።

ጫልቱ አልመጣችም። ጠዋት አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል መተሐራ አጠገብ አንድ መኪና ተበላሽቶ፣ ሾፌሩና ረዳቱ በዚያ ፀሐይ ውኃ ጨርሰው በሬዲዮ ይጣሩ ነበር። በመስኮት ጠራችኝ።

«ለጋሼ ንገርልኝ» አለችኝ። «ሰው ሜዳ ላይ ጥዬ አልሄድም። ነገ ራሴ መቂ ድረስ ሄጄ ለቅሶ እደርሳለሁ በልልኝ።»

«ምን ችግር አለ፣ እነግርልሻለሁ» አልኳት።

ንፍሮው ሲዞር ሥራ አስኪያጁ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠ ጠራኝ።

«ከክፍላችሁ አንተ ብቻ ነህ? ያቺ ልጅ የት ቀረች?»

ንፍሮው አፌ ውስጥ ነበር። ለመዋጥም ለማሰብም ጊዜ ነበረኝ። ያሰብኩት ከሁለታችን አንዳችን ብቻ እንደምንቀር ነው።

«እንጃ ጋሼ፣ አላየኋትም» አልኩ።

ደምሴ ከጎኔ ሆኖ «እሷ ድሮም ሰው አትወድም» ብሎ ጨመረበት። ሥራ አስኪያጁ ወደሚቀጥለው ለቀስተኛ ዞረ።

በማግስቱ ጫልቱ ቃሏን ጠብቃ መቂ ሄደች። መልእክቷ የደረሰ መስሏት ምንም አላስረዳችም፤ እሱም ቀና ብሎ አላያትም አሉ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዝርዝሩ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ተንሳፋፊ ከተባሉት ውስጥ ስሟ አለ፤ የእኔ የለም። ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«አንተ እንደተናገርክልኝ አውቃለሁ። ሰውየው ነው እንጂ አልሰማ ያለው» አለችኝ። «ገላቶሚ፣ ወንድሜ። ተባረክ።»

«ምን ማድረግ ይቻላል» አልኳት። እጇን ዘረጋችልኝ፤ ጨበጥኳት።

ጡረታ እስክወጣ እዚያው ድርጅት ኖርኩ፤ ልጆቼንም በዚያ ደመወዝ አሳደግሁ። የደምሴን ደረት መድቃት ስንት ጊዜ እያወራሁ አስቄአቸዋለሁ። የሌላውን ነውር ሲያወራ የማንም አፍ ይፈታል። ድንኳኑ ውስጥ የመለስኩትን ግን ለሚስቴም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም፤ እሁድ ዕለትም ለልጄ አልነገርኩትም። ደምሴን ስጠላው ዕድሜዬን ጨረስኩ፤ እሱ ግን ቢያንስ የጫልቱን ምሳ አልበላም ነበር።

ጫልቱ መልካሳ ናት፤ አያት ሆናለች። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች። ባለፈው ፋሲካ ስልኩን ለልጅ ልጇ ስትሰጣት ሰማኋት። «ሰላም በያቸው። ያኔ ሁሉም ሲከዳኝ ስለ እኔ የተናገሩልኝ ሰው እኚህ ናቸው» አለቻት። ልጅቷ በቀጭን ድምፅ «እግዜር ይስጥልን፣ አባባ» አለችኝ።

«ምንም አይደል የኔ ልጅ» አልኳት።