ከቆርቆሮ በላይ ሳር

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበርሁ። ዳዊት ሳልደግም ትምህርቱን የተውሁ ነኝና አጻጻፌ ቢወላገድ አንባቢ ይለፈኝ። ቤቴ ግን አልተወላገደም፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ፣ በአስፋልቱና በዳገቱ መካከል ያለው የድንጋይ ቤት አባቴ የሠራው ነው። ክዳኑ ሁለት ክንፍ ነው፤ አንዱ ወደ አስፋልቱ፣ አንዱ ወደ ዳገቱ፤ ሁለቱም ሳር። በዚያ ዓመት የመጨረሻ ወንድ ልጄን ልድር ሽማግሌ ብልክ፣ የልጅቱ አባት «ልጄን ሳር ቤት አላስገባም» ብሎ መለሰልኝ። ቆርቆሮ አለብሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። በሬዬን ሸጬ፣ ቆርቆሮውን ግድግዳ ሥር ደርድሬ ሳለሁ ነው አርክቴክቶቹ የመጡት።

ሁለት ናቸው፤ አንዲት ተናጋሪ ልጅና አንድ ፎቶ አንሺ። በአስፋልቱ ዳር ያሉ የድሮ ቤቶችን በነፃ እንጠግናለን አሉ። በነፃ ሲባል የጋይንት ሰው ይጠራጠራል፤ ግድግዳዬ ተሰንጥቆ ነበርና እሺ አልሁ። ልጅቱ ድንጋዩን እንደ ጥጃ ስታሻሽ ዋለች። ጭቃው በምን ተቦካ ብትለኝ በጤፍ ጭድ አልኋት፤ ቅዳሴ እንደሰማች ሁሉ ቀጥ ብላ ቆመች። ቆርቆሮውን ስታይ ግን ጅብ ቤት የገባ መሰላት።

«አባባ፣ ይኼ ቤት ሳር ነው የሚያምርበት። ዘላቂ ንድፍ እንለዋለን፤ ተፈጥሮን አይጎዳም።»

«ልጄ፣ ሳር በየጥቂት ዓመቱ ይበሰብሳል። ምኑ ነው የሚዘልቀው?»

«ተመልሶ ይበቅላላ።»

«ማን ያጭደዋል?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያ የምዘልቀው እኔ ነኛ።»

የእሷ ቤትስ ክዳኑ ምንድን ነው ብላት፣ አራተኛ ፎቅ እንደምትኖር ነገረችኝ። ሳር አለው ወይ ስላት ሳቀች።

እውነት ለመናገር ግድግዳውን አሳምረው ጠገኑት፤ ጭስ የሚወጣበት መስኮትም ከፈቱልኝ። በክዳኑ ግን ስንጨቃጨቅ ከርመን የታረቅነው እንዲህ ነው፦ ከሥር ቆርቆሮ፣ ከላይ ሳር። ከውጭ ለሚያይ የአባቴ ቤት፣ ከውስጥ ለሚያይ የልጄ ቤት። እነሱ ፎቷቸውን አንስተው ሄዱ፤ እኔም በብልሃቴ ተኩራራሁ። ሚስቴ ብቻ «ከካባ በላይ ደበሎ የሚደርብ ሰው ዛሬ አየሁ» አለች።

የረሳሁት የራሳችንን ወግ ነው። ልጁን የሚድር አባት ቤት የሚያየው ከሩቅ ነው፤ ገብቶ እህል ከቀመሰ በኋላ እምቢ ማለት ነውር ነዋ።

እሑድ በግ አርደን፣ ጠላ ጠምቀን፣ ደጅ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ፣ የሙሽሪትን አባት ሊያመጡ የሄዱት የንስሐ አባቴ ብቻቸውን ወረዱ።

«ሰውየውስ አባ?»

«ከዳገቱ ላይ ቆሞ አየና ወደ ከተማ ተመለሰ።»

«ቆርቆሮ ከሥሩ እንዳለ አልነገሩትም?»

«ነገርሁት እንጂ። ‹ቆርቆሮ ያለው ሰው ምን አሳፍሮት በሳር ይሸፍነዋል?› አለኝ።»

ደግነቱ ሰውየው ከተማ ዘመድ ቤት አድሮ፣ በማግስቱ ወደ አገሩ የሚመለሰው በዚያው ዳገት ነው። የንስሐ አባቴ እንደ ምንም ለምነው፣ ሲያልፍ አንድ ጊዜ ዘወር ብሎ ሊያይልኝ እሺ ብሏል። ከዚያ ወዲያ ግን የሰውየውን ልጅ የሚጠይቅ ሌላ ሰው አለ።

ሳሩን ላነሣው ነው ብላት፣ ሚስቴ «ለእነዚያ አርክቴክት ልጆችስ ምን ሊሏቸው ነው?» አለችኝ። እነሱ የሚያዩት ከአስፋልቱ በኩል ነው አልኋት።

በማግስቱ ወፍ ሲንጫጫ መሰላል አስደግፌ ወጣሁና በዳገቱ በኩል ያለውን ሳር ገፍፌ ገፍፌ ጣልሁት። የአስፋልቱን ክንፍ አልነካሁም፤ እሱ የአርክቴክቶቹ ነው። ከዚያ ፀሐይ ስትወጣ እንዲያብረቀርቅ፣ ቆርቆሮውን በጋቢዬ ጫፍ እየወለወልሁ፣ እዚያው ክዳኑ ላይ ሆኜ ሰውየው ብቅ ይል እንደሆነ የዳገቱን መንገድ አየሁ።