የሂሻም ወንበር

ደሴ ሆጤ፣ እኛ ሰፈር ውስጥ፣ ያቺን የሂሻምን መኪና ያልሰደበ ሰው ቢኖር እሱና ሚስቱ ዊዳድ ብቻ ናቸው። እኔማ ሱቄ በራፍ ላይ መጥታ በቆመች ቁጥር አሾፍባት ነበር። ሌላው መኪና ቆሞ ሲሄድ እሷ ቁጭ ብላ ነው የምትሄደው። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ በቃ። ከኋላዋ አንድ ኩንታል ጤፍ እንኳ አይገባም። ከገበያ ዶሮ ይዞ የተሳፈረባት ሰው ዶሮዋን ታቅፎ ነው ቤቱ የሚገባው።

ሂሻም የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። አንድ ዘመዱ በጅቡቲ በኩል ሲያስመጣት ተጋጭታ ስለነበር ማንም አልፈለጋትም። እሱ ግን ጋራዡ ጥግ አቁሞ፣ ከሥራ ሲወጣ እየነካካ፣ ስንት ዓመት ለፍቶ አስነሳት፤ ሰማያዊ ቀለምም ቀባት። «ስፖርት መኪና ናት እኮ!» ይላል አፉን ሞልቶ። የሚያስቀው ደግሞ ራሱ ሂሻም ነው። ሳይጎነበስ የሚገባበት በር ደሴ ውስጥ የለም፤ ያን ሁሉ ቁመት እዚያች ውስጥ ሲያጣጥፈው አይቶ የማይስቅ አልነበረም። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደኋላ ገፍቶ፣ አናቱ ጣራዋን እየነካ ነበር የሚነዳት።

ዊዳድ ከብብቱ በታች ናት። መንዳት ያስተማራት በዚያችው መኪና ነው። እሷ ስትነዳ ወንበሩን ወደፊት ትስባለች፣ እሱ ሲመለስ ወደኋላ ይገፋል፤ በዚህ ሲጨቃጨቁ ከሱቄ እሰማቸዋለሁ። «ወንበሬን ነካሽብኝ!» ይላታል። «አንተ እግርህን ቁረጠው!» ትለዋለች። «ልጅ ስትወልዱ ጣራው ላይ ልታስቀምጡት ነው?» እላቸው ነበር። ልጁ አልመጣም፤ እኔም ቀልዱን ተውኩት።

አምና፣ ክረምት መግቢያ ላይ፣ ሂሻም ለንጋቱ የሱብሂ ሰላት ሲነሳ ደረቴን ብሎ ተቀመጠ። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። የሰፈሩ ቅሬ፣ ዕድራችን፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ወጥቶ ቀበረው፤ እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ።

ዊዳድ አላለቀሰችም። ሼሆቹ «ሶብር ነው፣ ትዕግሥት ነው፣ ማሻአላህ» አሉ፤ እኛ ሴቶቹ ግን ተያየን። እንዴት ነሽ ስትባል «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ብዪ ሲሏት ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብዙ የቆየ ጣት እንዴት ነው? ቢቆነጥጡት የሚሰማው የለም። እንደዚያ ሆና ነበር።

የሂሻም ታላቅ ወንድም የሱፍና እናታቸው እማማ ጣይባ በውርስ ከመኪናዋ የሚደርሳቸው ነበር። «ሐቃችንን አፉ ብለናል፣ ያንቺው ትሁን» አሏት። ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት የምትቀመጥበትን ኢዳ ስትጨርስ ዊዳድ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሥራዋ ፒያሳ አጠገብ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ ነው፤ የተሰፋውን ሸሚዝ እያገላበጠች ታያለች፣ የተበላሸውን ትመልሳለች። ከቤቷ በእግር የሚኬድ መንገድ ሆኖ ሳለ በመኪናዋ መሄድ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት አንድ ትልቅ ትራስ ታቅፋ ትወጣለች። ወገቧን አሟት ነው ብዬ አንድ ቀን ጠራኋት።

«ወጌሻ ላሳይሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ እትዬ ብዙዬ፣ ያቆዩልኝ» አለችና አለፈች።

ይሄ ሁሉ ባለበት ይቀጥል ነበር፤ ከጥምቀት በኋላ ግን ድርጅቱ ጓዙን ጠቅልሎ ኮምቦልቻ ወረደ። እዚያ ሰፊ አዳራሽ ተከራይቷል አሉ። ሠራተኛው የሚከተል ይከተል፣ የማይከተል ይቅር ተባለ። ዊዳድ ተከተለች። ጠዋት የሀረጎን ተራራ ቁልቁለት ትወርዳለች፣ ማታ ያንኑ ዳገት ትወጣለች። ከዚህ ሹራብ ደርባ ትሄድና እዚያ ቆላው ሲቀበላት ሹራቡን አውልቃ ትውላለች።

ይሄኔ አገር ምድሩ መካሪ ሆነ። የሱፍ የሕንፃ መሣሪያ ሻጭ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚለውም እውነት ነበር።

«ሽጫትና አንድ ቪትዝ ግዢ» አላት እኔ ፊት። «ይቺ እኮ የመዝናኛ ነገር ናት። ለቅዳሜና ለእሑድ ናት። ጠዋት ማታ ሀረጎን ወጥተሽ ወርደሽበት ስንት ወር ትቆይልሻለች? ክረምት ሲገባ ሆዷ ጉድጓድ ለጉድጓድ ነው የሚሄደው። ዕቃዋ ቢሰበር አዲስ አበባም አይገኝ። ነዳጅ እንደሁ ሰልፉን ታውቂዋለሽ።»

«እሺ አያ የሱፍ» አለችው።

ጋራዥ ውስጥ ከሂሻም ጋር የሠራው ከሊድ መጣ። «አትሽጪ! እንዲህ ያለች መኪና ወሎ ውስጥ የለችም፤ እኔ በነጻ አያታለሁ» አላት። እሱንም «እሺ» አለችው። እማማ ጣይባ ደግሞ «ልጄ፣ ብረት ነው፤ ልጄ ያለው አፈር ውስጥ ነው። እንዳሻሽ አድርጊ» አሏት። ለእሳቸውም ያው እሺ ነው። እኔ ትሽጣት ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ለሁሉ እሺ ማለቷ ግን አናደደኝ። ሰው እንቢ ይላል፣ ይቆጣል፣ ምናባታችሁ አገባችሁ ይላል። አንዳንዴ ትከሻዋን ይዤ ብነቀንቃት ደስ ባለኝ።

በበልግ ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ታማብኝ፣ አንድ ጠዋት ከዊዳድ ጋር ወረድኩ። ተገድጄ እንጂ ወድጄ አይደለም፤ እዚያች መኪና ውስጥ መግባት ጉድጓድ ውስጥ መግባት ነው። ዊዳድ ትራሱን ከጀርባዋ አድርጋ፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መሪውን ይዛ ስትታይ የሰው መኪና ሰርቃ የምትነዳ ልጅ ትመስላለች።

ሀረጎ ላይ ጉሙ ወረደብን። ከፊታችን ከሚሄደው ሲኖትራክ የኋላ መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። በድንገት መብራቱ ቦግ አለ፤ ሲኖትራኩ ቆመ። ዊዳድ ፍሬን ለመያዝ እግሯን ስትሰድ ትራሱ ከጀርባዋ አፈተለከ፣ እሷም ወደኋላ ተንሸራተተች። ፍሬኑን የያዘችው በእግር ጣቷ ጫፍ ነው። ክንድ የማይሞላ ሲቀረን ቆምን።

«በስመ አብ ወወልድ! አንቺ ልጅ፣ ፍሬን መያዝ አትችይም?»

«እግሬ አይደርስም» አለች። ዛሬ ሊዘንብ ነው እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው።

«አይደርስም? ታዲያ ወንበሩን ወደፊት አትስቢውም?»

ትራሱን ከጀርባዋ አስተካከለች። ሲኖትራኩ ሲንቀሳቀስ ቀስ ብለን ተከተልነው። ጉሙን አልፈን የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ከታች ሲታየን ነው የተናገረችው።

«ሂሻም ነው እንደዚህ የተወው። ለመጨረሻ ጊዜ ሲወርድ እንደተወው ነው ያለው። ልብሱን ለሰደቃ ሰጠን። ጫማውን አያ የሱፍ ለሰው ሰጠው። ቤቱን እንኳ ያን ሰሞን ለቅሶ የመጡት ሌላ አድርገውት ሄዱ። እሱ ባስቀመጠበት ያለው ይሄ ወንበር ብቻ ነው።»

መንገድ መንገዱን አየሁ።

«ፒያሳ ድረስ ስመላለስ በትራስ ይቻል ነበር» አለች። «በዚህ መንገድ ግን አይቻልም፣ አውቃለሁ። እግሬ ማታ ማታ ደንዝዞ ነው የሚያድረው። ወይ ወንበሩ ይሳባል፣ ወይ መኪናዋ ትሸጣለች። ልስበው ብዬ ሁለት ሦስቴ እጄን ሰድጃለሁ እትዬ ብዙዬ፤ ወላሂ፣ እጄ እንቢ አለኝ። እና ትሸጥ። የገዛት ሰው ይሳበው። እኔ አላየውም።»

እኛ ያን ሁሉ ወር ስለ ነዳጅና ስለ ጉድጓድ ስንመክራት ከርመናል። እንባዬ መጣ፤ የእሷ ዓይን ግን ደረቅ ነበር። «በይ ሽጫት፤ ካልሆነ ራስሽንም እኔንም ትፈጂናለሽ» አልኳት። ስመለስ በሚኒባስ ነው የመጣሁት፣ አልዋሽም።

የሱፍ ገዢ ለማግኘት አልዘገየም። ሙንዚር የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ደረቅ ወደቡ ላይ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስጨርስ ትራንዚተር ሆኖ ይሠራል። በአንድ እሑድ ረፋድ መጣ። ዘለግ ያለ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ እኔንም ሱቁ ድረስ መጥቶ «እንዴት አደሩ እናቴ» ብሎ ሰላም አለኝ። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ጎንበስ ብሎ ሆዷን አየ፣ ጎማዋን ደባበሰ። ዋጋውን ከየሱፍ ጋር አስቀድመው በስልክ ጨርሰውታል፤ የቀረው ነድቶ ማየት ብቻ ነው።

ዊዳድ ቁልፉን ሰጠችው። ከዚያ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ለምን እንደዞረች የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ስኳር እየመዘንኩ ነበር፤ ማንኪያውን አስቀምጬ ወንበሩ የሚሳብበትን ብረት ድምፅ ጠበቅሁ። ልጁ በሩን ከፈተ። እግሩን አስገባ፣ ጎንበስ ብሎ ራሱን አስገባ፣ በሩን ዘጋ። ጠበቅሁ። ምንም ድምፅ የለም።

«ያ ሰላም!» አለ ሙንዚር መስታወቱን ዝቅ አድርጎ። «አያ የሱፍ፣ ወላሂ ለኔ የተሠራች ናት! የትም መኪና ብገባ ጉልበቴ መሪ ይነካል፤ የዚቺ ወንበር ግን ልኬ ነው! ምንም መነካት አያስፈልገውም!»

ቀና ብዬ አየሁ። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየኝ አናቱ ጣራ የነካ ረዥም ሰው ነው፤ እጁን መሪው ላይ ዘና አድርጎ ጥሎታል። ሂሻምን ያየሁ መሰለኝ።

ዊዳድ ዞረች። ያን ሁሉ ጊዜ አመድ የመሰለ ፊቷ ላይ ደም ሲወጣ አየሁት።

«ውረድ» አለችው።

ልጁ አልገባውም። «አቤት እህቴ?»

«ውረድ አልኩህ! ውረድልኝ!»

«ዊዳድ፣ ምን ሆንሽ?» አለ የሱፍ። «ተስማምተን አይደለም እንዴ?»

«አልሸጥም! ወንበሩን ይስበዋል ብዬ ነው እንጂ እንዳለ ይቀመጥበታል ብዬ መቼ አሰብኩ!»

የሱፍ ክው ብሎ ቀረ። ምን እንደምትል ከየት ይወቀው? ሙንዚር ግን ወርዶ ነበር፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አፉ በይኝ እህቴ፣ ምን አጠፋሁ?» አላት።

«ምንም አላጠፋህም» አለችው። «ልክህ ሆነ። ሌላ ምንም አላጠፋህም።»

አጠገቡ አልፋ ገባች። ትራስ አልነበራትም፤ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ከውጭ የሚታየው ሻሿ ብቻ ነው። ጎንበስ ብላ ከወንበሩ ሥር ያለውን ብረት ያዘች። አልመጣም። ዓመት ሊሞላው ነው ካልተነካ። በሁለት እጇ ያዘችው፣ እግሯን ወለሉ ላይ ተክላ ጎተተች። ብረቱ ሲጢጥ አለ፤ ወንበሩ እሷን ይዞ ወደፊት መጣ፣ ደግሞ መጣ፣ ቀጭ ብሎ ቆመ። እግሯ ፍሬኑ ላይ ሙሉ በሙሉ አረፈ።

ከዚያ ጮኸች። ሱቁን ክፍት ትቼ ሮጥኩ። በቀብሩ ቀን የጠበቅነውን ልቅሶ ያን ቀን አለቀሰችው፤ ግንባሯን መሪው ላይ ጥላ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪወጣ። የሱፍ ለሙንዚር በሹክሹክታ አንድ ነገር ነገረው። ልጁም ራሱን ነቅንቆ፣ ባጃጅ አስቁሞ ሄደ። ጎረቤቱ አጥር ጥግ ቆሟል፤ የሚጠጋት የለም።

እኔ በሌላው በኩል ዞሬ፣ እንደምንም ጎንበስ ብዬ ከጎኗ ገባሁ። እጇን ያዝኳት፤ ይሞቃል። ብዙ ቆይታ ቀና አለች። ሰፈሩ እንዳልሰማ፣ እኔም እንዳልቀበርኩ፣ መርዶ ልትነግረኝ እንደመጣች ሰው ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«እትዬ ብዙዬ» አለችኝ፣ «ሂሻም እኮ ሞተ።»

«አዎ የኔ ልጅ» አልኳት። «ሞተ።»