የመጨረሻው ጥቅል

የእህቴ ባል ዕድሜ ልኩን ሲኒማ ቤት ፊልም ያጫወተ ሰው ነው። የተበጠሰ ፊልም ሲቀጥል መገጣጠሚያው ለዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ «ሐኪሙ» ይለዋል። የሆስፒታሉ ዶክተር ለብቻው ጠርቶ እህቴ እንደማትድን ሲነግረው ግን ቤት መጥቶ «ደም ማነስ ነው አሉ፤ በደንብ ብይ» አላት። እውነቱን በር ላይ ሹክ ያለኝን እኔንም ዝም እንድል በዓይኑ ጠቀሰኝ። የማይወደውን ቆርጦ መጣል ፊልም በሚያጫውትባት ጠባብ የማሽን ክፍል የለመደው ነገር ነው።

እህቴ ታማ አልጋ ላይ እስክትውል ድረስ እዚያው ሲኒማ ቤት ቲኬት ትሸጥ ነበር። መራመድ ሲያቅታት አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ «ያንን እብድ ፊልም አሳየኝ። ግን ማሽኑን ለሌላ ሰው ስጥና አጠገቤ ቁጭ በል።»

ፊልሙ በእርግጥም እብድ ነው። አንዲት ሴትዮ ታማ ከቀን ወደ ቀን እየቀለለች ትሄዳለች፤ ከአልጋዋ ተንሳፍፋ ጣሪያ እስከ መንካት ትደርሳለች። ባሏ ኪሷን ድንጋይ ይሞላል፤ ያ አልበቃ ሲለው በክር ከአልጋው ጋር ያስራታል። በመጨረሻው የፊልም ጥቅል ላይ ግን አጠገቧ ይቀመጥና «ትሄጃለሽ አይደል?» ይላታል። ሲያወሩ፣ ሲስቁና ሲያለቅሱ ይነጋል። ከዚያ መስኮቱን ከፍቶ ክሩን ይቆርጠዋል።

«ሐኪሙ» ይህን ለእህቴ ሊያሳያት አልደፈረም። ጥቅሉን አውጥቶ በምትኩ ከፊልሙ መጀመሪያ የባለታሪኮቹን የሰርግ ጭፈራ ቆርጦ ቀጠለ። አንድ ጠዋት ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥን። የታሰረችው ሴትዮ ድንገት ተነሥታ ስትጨፍር መብራት በራ።

«አየሽ፣ ዳነች» አላት።

እህቴን ቤት ወስደን አልጋዋ ላይ ስናስተኛት «መስኮቱስ?» አለችው።

«የምን መስኮት?»

«ቲኬት ሸጬ ስጨርስ በር ላይ ቆሜ ስንቴ አይቼዋለሁ መሰለህ። ካንተ ጋር ላየው የፈለግኩት እሱን ነበር። እኔ አፍ አውጥቼ መናገር ስላቃተኝ ፊልሙ ይናገርልኝ ብዬ ነው።»

አሁንስ ይረታል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ብርድ ልብሷን አስተካክሎ «ደክሞሻል፣ ተኚ። ትንሽ ስትበረቺ ሥራ ትመለሻለሽ» አላት።

«እሺ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ስለ ሕመሟ አላነሣችበትም። ሲገባ ትስቅለታለች፣ ሲወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። «ጋሼ፣ ትሰናበትህ፣ ተዋት» ስለው «አታሟርቺ» ይለኛል። እሷም «ተይው፣ ይፈራል» ትለኛለች። ትድኛለሽ እያላት ሞተች።

ከቀብሯ በኋላ ጠፋብንና ሲኒማ ቤት አገኘሁት። ያንን የደበቀውን ጥቅል ማሽኑ ላይ አስነሥቶ ከታች አዳራሹ ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል፤ አጠገቡ ያለውን ታጣፊ ወንበር ዘርግቶ ነጠላዋን አድርጎበታል። ስክሪኑ ላይ ባልየው «ትሄጃለሽ አይደል?» ሲል፣ እሱም ወደ ወንበሩ ዞሮ አብሮ ጠየቀ።

ላጽናናው የመጣሁ ሳይመስለው አይቀርም፣ እጄን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም።

«ይህቺን ጥያቄ ስትጠብቅ ነው የሞተችው» አልኩት።