ይርጋ ቀጥቃጩና የሰረገላው ችንካር

በዚያ ዘመን በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለ ገበሬ የሚያርሰው ይርጋ በቀጠቀጠው ማረሻ፣ የሚያጭደውም ይርጋ በሠራው ማጭድ ነበር። እህሉን በልቶ ሲጠግብ ግን «ይርጋ ቡዳ ነው» ይላል። የእኔም ቅድመ አያቶች ከነዚያው ውስጥ ናቸውና ነገሩን ባወራሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

ከሁሉ ይልቅ ጠምዶ የያዘው አያሌው የሚባል በሬ ነጂ ነበር። ሴት ልጁ ታማ ስትሞትበት «በዓይኑ በላት» ብሎ ከሰሰው። ምስክር ታጣና ይርጋ ተለቀቀ፤ ዳኛው ግን «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማብህ ከአገር ትወጣለህ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ይርጋ የሰው ከብት ቀና ብሎ አያይም ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት መድፍ ከሚሠራበት ከጋፋት የተነሣ፣ መድፍ የጫነ ሰረገላ ከይርጋ ቤት በላይ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ለዕረፍት ቆመ። በሬዎቹ እንደገና መሳብ ሲጀምሩ፣ መንኮራኩሩ ገና ሳይንቀሳቀስ፣ ከስር «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ወናፍ ሲነፋ የነበረው ይርጋ እጁን ሰበሰበ።

«መንኮራኩሩ ነው፤ ሞራ አምጡ!» አለ አንድ ሰው። የፊቱን ጥማድ በሬ የሚነዳው አያሌው ነበር።

ይርጋ በልቡ «አይደለም» አለ። መንኮራኩር ቢሆን በዞረ ቁጥር ይጮኽ ነበር። ይኼ የጮኸው ሲነሣ ብቻ ነው። ያለቀው ሰረገላው ወደ ጎን እንዲታጠፍ የፊቱን ዘንግና መሳቢያውን እንጨት ከላይኛው ግንድ ጋር የሚያያይዘው ወፍራም የብረት ችንካር ነው። ቁልቁለቱ ላይ ከተበጠሰ መድፉ ፊት ለፊት ባለው ሰው ላይ ይወርዳል።

ሚስቱ ጌጤ ፊቱን አይታ ገባት። «ዝም በል! ተናግረህ ቢሰበር አንተ ሰበርከው ነው የሚሉት።»

«ዝም ብልስ?»

«ዝም ብትል ማን ያውቅብሃል? ደግሞ ፊት የቆመው ማን እንደሆነ አታይም?»

እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፤ አልዋሽም። «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» ያለው ሰው ቀጥቃጭ አልነበረም። ይርጋ ግን ሽርጡን አውልቆ ወጣ። ከጭፍራው አለቃ ከሻለቃ መርሻ ራቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ችንካሩ አልቋል። እንዲህ ሆኖ ቁልቁለቱን አይወርድም።»

«ሳታየው በምን አወቅህ?»

«በድምፁ ነው። ካላመኑኝ መሳቢያውን እንጨት ግራና ቀኝ ያስነቅንቁት።»

ሁለት ወታደሮች ነቀነቁት። እንጨቱ አንድ ስንዝር ያህል ሄደ፤ የፊት መንኮራኩሮቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ይርጋ ጎንበስ ብሎ ከችንካሩ ራስ ላይ ሞራ ፋቀና አሳያቸው። ሞራው በብረት ብናኝ ቀልቶ ነበር።

«ዓይኑን አንሡልኝ!» ብሎ አያሌው ጮኸ። «ልጄን የበላ ሰው ነው!»

ሻለቃው ሞራውን በጣታቸው አሽተው አዩት። በኋላ «ችንካሩ ይውጣ» አሉ። «ደህና ሆኖ ከተገኘ ግን ወዮልህ! ከነሚስትህ ዛሬውኑ ከአገር ትወጣለህ።»

ሰረገላውን በግንድ አንሥተው ችንካሩን ከስር ወደ ላይ በመዶሻ መቱት። አልወጣም። ደግመው መቱት፤ አሁንም እንቢ አለ። ጌጤ ደጃፏ ላይ ቆማ «እመብርሃን! እመብርሃን!» ትላለች። በስንት መከራ ሲወጣ ራሱ የክንድ ውፍረት ነው፤ ወገቡ ግን አውራ ጣት አክሏል፣ ተሰንጥቋልም።

እፎይ የሚባለው ያን ጊዜ ነበር፣ አያሌው ባይኖር።

«አያችሁ? ትናንት ደህና ነበረ! ዓይኑ ሲያርፍበት ሳሳ!»

ወታደሮቹም ማጉረምረም ጀመሩ፤ አንዱማ ድንጋይ አነሣ። ሻለቃው ተቆጡ። «ይህ ሁሉ ብረት ባንድ ጠዋት አያልቅም፤ ዝም በሉ!» አሉና ይርጋን አዲስ ችንካር እንዲቀጠቅጥ አዘዙት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀጥቅጦ ገጠመው። በሬዎቹ ሲስቡ ምንም ድምፅ አልተሰማም።

ነገር ግን ቡዳ ከሠራው ችንካር ፊት ቆሞ ቁልቁለቱን የሚወርድ ሰው ጠፋ። አያሌውም የበሬውን ጠፍር መሬት ላይ ጣለው። ሻለቃው ይርጋን አዩት። «የሠራኸው አንተ ነህ፤ አንተ ንዳው።»

ይርጋ ጠፍሩን አነሣ። ኋላ ሠላሳ ሰው በመጫኛ ወደ ላይ እየጎተተ፣ ፊት እሱ ብቻውን ወረደ። በየመታጠፊያው የመድፉ ክብደት ወደ እሱ ያዘነብል ነበር። ፈርቶ ነበር፤ ጥሩ ብረት እንኳ አንዳንዴ ይከዳል። ችንካሩ ግን ያዘ። ታች ሜዳው ላይ ሲደርሱ ወታደሩ ሁሉ እልል አለ፣ መድፉንም ሳመ።

አያሌው በሬዎቹን ሊረከብ መጣ። ጠፍሩን የያዘው እጁን በኩታው ጫፍ ጠቅልሎ ነው፤ የይርጋ እጅ የነካውን በባዶ እጁ ላለመንካት።

ይርጋ የተጠቀለለውን እጅ አየ።

«አያ አያሌው» አለ፣ «ችንካሩን በየሦስት ቀኑ ሞራ ቀባው፤ አለዚያ ያልቅና አንተው ላይ ይወድቅብሃል።»

አያሌው በሬዎቹን ነድቶ ሄደ። ይርጋም ዳገቱን ብቻውን ወጣ።