ነጩና ቢጫዋ

ቢራቢሮ ስገድል እጄ ፈጣን ነበር። በመረብ እይዘዋለሁ፣ ክንፉን አጥፌ ደረቱን በሁለት ጣቴ እጨምቃለሁ፣ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ወደ ወረቀት ፖስታው። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናው የክንፍ ቀለማቸው ከትውልድ ትውልድ ቶሎ የሚለወጥ ቢራቢሮዎች ወደ ብዙ ዝርያ ይከፋፈሉ እንደሆነ ነበር። ቁይ ከተማ አጠገብ ባለ አንድ ደን ውስጥ ከቀለም በቀር በምንም የማይለያዩ ነጭና ቢጫ አገኘሁ። ቀለም የለያቸው ሁለት ዝርያዎች ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ጽሑፌ በሙሉ የቆመው በእነሱ ላይ ነበር።

ደኑ የቤተ ክርስቲያን ነው። ቄሱ የፈቀዱልኝ እንድቆጥር እንጂ እንድገድል አልነበረም። እሺ ብዬ ገባሁና ገደልኩ።

አንድ ቀን የደኑ ዘበኛ ደረሱብኝ፤ ስድሳ ያለፋቸው ከሲታ ሰው ናቸው። ሳጥኔን ከፍተው የታጨቁትን ፖስታዎች ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

"አንተ ከሃዲ! በታቦት ግቢ ነፍስ ታጠፋለህ?" ብለው ትከሻዬን ዱላ አቀመሱት።

ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ቀጥለው ግን ሳጥኑን መሬት ጥለው በጎማ ጫማቸው ረገጡት። የሁለት ወር ድካሜ ዱቄት ሆነ። ደሜ ፈላ። ዱላውን ነጥቄ መታኋቸው። በሦስተኛው ምት ክንዳቸው ሲሰበር ሰማሁ፤ አራተኛም ደገምኩ። ያን አራተኛውን በምንም ላመካኘው አልችልም።

ከእስር ያዳነኝ ሽምግልና ነው። ከሳምንት በኋላ ሽማግሌዎቹ ድንጋይ በትከሻዬ አሸክመው ዘበኛው እግር ሥር አንበረከኩኝ። ክንዳቸውን ወጌሻ በሸምበቆ ጠግኖ አስሮታል።

"ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ።"

"እግዜር ይቅር ይበልህ። ግን ምን ልትሠራባቸው ነው የፈጀሃቸው?"

ነጩና ቢጫው ሁለት ዘር መሆናቸውን ላረጋግጥ ነበር አልኳቸው። ግራ ተጋብተው አዩኝ።

"የምን ሁለት ዘር? ነጩ ወንዱ፣ ቢጫዋ ሴቷ ናት። ሲጋጠሙ ስንት ዓመት አይቻቸዋለሁ። ብትጠይቀኝ እነግርህ አልነበር?"

እኔ አንዱንም በሕይወት ሳለ ቆም ብዬ አይቼው አላውቅም። ማፈር ነበረብኝ፤ የቀደመኝ ግን ንዴት ነው። እውነት መናገራቸው አንገበገበኝ፤ ተንበርክኬ እንዳለሁ እጄ ዱላ ፈለገ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ገብቶት መሰለኝ፣ ድንጋዩን ከትከሻዬ በማውረድ ፈንታ በመዳፉ ተጫነው።