ስለ ሆዴ የጠየቅኋቸው ጥያቄዎች

ሶዶ ውስጥ ለሆዴ የማይጠነቀቅ የባጃጅ ሹፌር አልነበረም። ጉድጓድ ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ጠጋ በልላት ይላል። ሆዴ ውስጥ ግን ማንም አልነበረም። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ከቀበርኳት ዓመት አልፏል። ሴት ነበረች፤ አንዴም ሳታለቅስ ሄደች። ሆዴ መሄዷን ያልሰማ ይመስል እንደተነፋ ቀረ።

መጀመሪያ ሰሞን አስረዳ ነበር። ሰው ግን ሲደነግጥ ወሬው ይበዛል፤ "ጌታ ሌላ ይሰጥሻል" ሲሉኝ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሌላ ማን ጠየቀ? በኋላ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን የማስተምራቸው ልጆች አዋጥተው የሕፃን ካልሲ ገዝተው ሰጡኝ። ክፍሉ አጨበጨበ፤ እኔም አመሰገንኩ። ማታውኑ ለባለቤቴ "ይሄን ሆድ አስቆርጠዋለሁ" አልኩት።

አዲስ አበባ ያገኘነው፣ የተለጠጠ የሆድ ቆዳ ቆርጦ የሚሰፋው ሐኪም ታጋሽ ሰው ነው። መምህር ነኝና ጥያቄ አያልቅብኝም። ጠባሳው ይታያል ወይ? ቀና ብዬ የምራመደው መቼ ነው? ጄሪካን ማንሳትስ? ጓደኛዬ ቁስል ቶሎ ያሽራል ብላ የሰጠችኝን ቫይታሚንና የፕሮቲን ዱቄት ልውሰድ?

"ሳታሳዪኝ ምንም እንዳትውጪ፤ አንዳንዱ ደም መፍሰስ ያበዛል። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ሥጋ ብዪ" አለኝ። ከዚያ በተራው ጠየቀኝ፦ "ከዚህ በኋላ መውለድ ታስቢያለሽ? ካሰብሽ ብንቆይ ይሻላል። እርግዝና መልሶ ይለጥጠዋል።"

"አላስብም" አልኩ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበር፤ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል።

ሶዶ ስመለስ ሆዴ በወፍራም ቀበቶ ታስሮ፣ እንደ አሮጊት ጎብጬ ነበር። እናቴ ከዱቦ መጣች። ምን እንደተደረግኩ ነግረናታል፤ እሷ ግን ሆዷን ታስራ የተኛች ሴት ስታይ የምታውቀው አራስ ብቻ ነው። የቡላ ገንፎ አገንፍታ መሃሉን በቅቤ ሞልታ አቀረበችልኝ።

"እማዬ፣ ሐኪሙ ቅባት ቀንሺ ብሎኛል።"

"ሐኪሙ የራሱን ተናገረ። ይሄ ቅቤ ያኔ ለወሊድሽ ያነጠርኩት ነው። ቤቱ ለቅሶ ሆነና ሳላጎርስሽ ቀረ። ለማንም አልሰጠሁትም። በወጉ ሳላርስሽ ተነሳሽ፤ ወልደሽ እኮ ነበር።"

ከቀብሩ ወዲህ ሰው ሁሉ "አጣሽ" ነበር የሚለኝ። "ወለድሽ" ያለኝ አልነበረም። አለቀስኩ። ልቅሶ ስፌቱን ክፉኛ ያማል፤ ይህን ሐኪሙ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። እናቴ ትንሽ ትንሽ እየቆረሰች አጎረሰችኝ።

እየጎረስኩ እጄን በቀበቶው ሥር አስገባሁ። ሆዴ እንደ ልጃገረድ ሆድ ልሙጥ ሆኗል። ከእምብርቴ በታች ቆዳዬ ላይ መስመሮች ነበሩ፤ ልጄ ስታድግ፣ ቦታ ሲጠባት ያወጣቻቸው። ፎቶ የላትም፣ ስም አላወጣንላትም። እዚህ ዓለም መጥታ እንደነበር የሚናገሩት እነዚያ መስመሮች ብቻ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ስጠላቸው ከረምኩ። እጄን እያንሸራተትኩ ፈለግኋቸው፤ አንድም የለም።

ስልኬን አንስቼ ክሊኒኩ ደወልኩ። ነርሷ አነሳች።

"ቁስሉ ፈሳሽ አለው? ትኩሳትስ?"

"የለም። የቆረጣችሁት ቆዳ... የት አደረጋችሁት?"

ፈገግ ያለች ሴት ድምፅ ነው የሰማሁት።

"አይዞሽ እህቴ፣ እሱ ያኔውኑ ተቃጥሏል። ምንም የሚያሳስብሽ ነገር የለም። ሌላ ጥያቄ አለሽ?"

እናቴ የሚቀጥለውን ጉርሻ ይዛ ትጠብቀኛለች።

"የለኝም" አልኳት።