ሀንክ ያለፈውን ፈተና አርዲስ ወደቀች

ያ ዓመት በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን በረዶው እስከ ሚያዝያ አልቀልጥ ያለበት ዓመት ነው። አርዲስ የሰባ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ ጡረታ እስክትወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች። ያን ቀን ውሻውን ከጎኗ አስቀምጣ የውሾች ፈተና ወደሚሰጥበት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ፣ ያ ሁሉ ዘመን መሪ የጨበጠች ሴት መታጠፊያውን ስታ አለፈችው።

ውሻው ሀንክ የታናሽ ወንድሟ የቨርሊን ነው። ቨርሊን የመርሳት ሕመም ጠንቶበት፣ ላሞቹን ሸጦ መጦሪያ ከገባ ወዲህ ትንፍሽ አላለም። አራት ወር ሙሉ። ሾርባ ሲያቀርቡለት አፉን ይገጥማል። እጁ ግን ከአልጋው ጠርዝ ወርዶ አየሩን ይዳብሳል። ነርሶቹ ነገሩ አልገባቸውም፤ አርዲስ ግን ገና ስታየው የሀንክን ራስ እየፈለገ እንደሆነ አወቀች። መጦሪያው ደግሞ የአንድ ጠያቂ ውሻ አሮጊት ከነከሰ ወዲህ፣ ተፈትኖና ተመዝግቦ መታወቂያ ያላንጠለጠለ ውሻ በበሩ አያሳልፍም።

አርዲስ የብርዱን ወራት በሙሉ ሀንክን ለፈተናው ስታዘጋጅ ከረመች። ሕመምተኛ ጋ የሚገባ እንስሳ ጥሬ ሥጋ አይበላም ስላሏት፣ በእርድ ትርፍራፊ ያደገውን ውሻ የበሰለ አስለመደችው። ጥፍሩን ሞረደች፤ የክትባቱን ወረቀት አስሞላች። ጎረቤቷ ዶሪን የሟች ባሏን ባለ አራት እግር ምርኩዝ እየገፋች ሕመምተኛ ትሆንላቸዋለች፤ መጥበሻ ትጥላለች፤ ወለሉ ላይ ቋሊማ ታስቀምጣለች።

«እዪው፣ ቋሊማውን አልፎት ሄደ!» ትላለች ዶሪን። «ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አድርጎ አያውቅም!»

የመጀመሪያው ፈተና ላይ ሀንክ አንዳች አላጠፋም። ፈታኟ ወይዘሮ ሎርና እንደ ሕመምተኛ ሆና አንገቱን አቀፈችው፤ ጆሮውን ጎተተች፤ ተጫነችው። እሱ ከንፈሩን ላሰ፣ ፊቱን አዞረ፣ አዛጋ። ከዚህ ሌላ ንቅንቅ አላለም። አርዲስ ፈገግ ብላ ቆማለች።

«ውሻው አልፏል» አለች ሎርና እስክሪብቶዋን እያስቀመጠች። «የወደቁት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? ምን አጠፋሁ?»

«ከንፈሩን ሲልስ፣ ፊቱን ሲያዞር፣ ሲያዛጋ 'ልቀቁኝ' ማለቱ ነበር። አልሰሙትም። እሱ መናገር አይችል፤ በእሱ ፈንታ 'በቃ' የሚል ሰው ነው የምፈልገው።»

«ኧረ እርስዎን እንዴት ብዬ በቃ ልበል? ነውር አይሆንም?»

«ይኸው ነው የኛ ጣጣ» አለች ሎርና። «እኔንም እናቴ እንዲሁ ነው ያሳደገችኝ።»

እውነቷን ነው። የዚያ አገር ሰው እግሩን የረገጠውን ሰው ራሱ ይቅርታ ይጠይቃል። አርዲስማ ትብሳለች፤ ጸጉር ሠሪዋ ጭንቅላቷን አቃጥላት እንኳ «እንዴት አምሮብኛል» ብላ ከፍላ የወጣች ናት። አሁን የቀራት አንድ ዕድል ነው። ሁለቴ የወደቀ ዳግም አይፈተንም። ሀንክም አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

ዶሪን ውሻውን ትታ እሷን ማሠልጠን ጀመረች።

«በይ፣ በቃ በይኝ።»

«በቃ... ካላስቸገርኩሽ።»

«እሷን 'ካላስቸገርኩሽ' ዋጫት አንቺ ሴትዮ!»

እነሆ ደግሞ ምድር ቤቱ፣ ሁለተኛው ፈተና። ተሽከርካሪ ወንበር አለፈ፤ መጥበሻ ወደቀ፤ ሰው ጮኸ። ሀንክ ቻለው። ከዚያ ሎርና መጣችና አንገቱን አቀፈች። አርዲስ ዓይኗን ከሀንክ ከንፈር አልነቀለችም። ላሰ። ፊቱን አዞረ። የቨርሊን እጅ ከአልጋው ወርዶ አየር ሲዳብስ ታያት።

«በቃ!»

ጩኸቷ ጥግ ላይ ሳህን የሚያጥቡትን ሴቶች አስደነገጣቸው።

«ደክሞታል። እጅዎን ያንሱ። ይቅርታ።»

ሎርና ጻፈች፤ ጻፈች፤ ወረቀቱን ገለበጠች። አርዲስ የሀንክን ገመድ እጇ ላይ ጠቀለለች።

«ይቅርታዋ ትርፍ ነበረች» አለች ሎርና በመጨረሻ። «ግን አልፈዋል።»

የምዝገባው ወረቀት ተልኮ መታወቂያው እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ለአርዲስ ግን ዓመት ነበር። ሀንክን አጥባ፣ ፎቶውን የያዘውን ካርድ አንገቱ ላይ አንጠልጥላ ገባች።

ቨርሊን ግድግዳውን ያያል። ሀንክ ራሱን ከእጁ ሥር ከተተ። ጣቶቹ ቆሙ፤ ለዩት። ከዚያ ያ ላም ሲያልብ የኖረ ብርቱ እጅ የውሻውን ማጅራት ጨመደደና ወደ ደረቱ ሳበ። አርዲስ አለቀሰች። ያን ሁሉ ወር የጠበቀችው ይህን ነበር።

ሀንክ ከንፈሩን ላሰ። ፊቱን አዞረ።

ዝም ብትል ማን ይወቅሳታል? ፈታኝ የለም። «በቃ» ካለችው ደግሞ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ቢዞርስ? ሀንክ አዛጋ።

«በቃ ቨርሊን» አለች። «አጥብቀኸዋል። ልቀቀው።»

እጁ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሀንክ ተራገፈ፣ አንድ እርምጃ ራቀ፣ ቆመ። ከዚያ ማንም ሳይጠራው ተመልሶ አገጩን አልጋው ላይ አኖረ።

ቨርሊን ዓይኑን ከውሻው ሳይነቅል፣ በዛገ ድምፅ፣

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ በቃ ማለት የለመድሽው?» አለ።

«ካለፈው ወር ወዲህ» አለች አርዲስ፣ ወንበሯን ወደ አልጋው እያስጠጋች።